የክብር ማኅበሩ ይቋቋም፤ በሩ ግን በማርክ ብቻ አይከፈት

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ባለፈው እትም አንድ ሠልጣኝ ወንድማችን «በተቋማችን የክብር ማኅበር ይቋቋም» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ በመመገቢያ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ክፍል ሌላ ወሬ የለም። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በየሴሚስተሩ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ሠልጣኞች ስማቸው በሰሌዳ ይለጠፍ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው፣ በምረቃ ቀንም ከሌላው ተመራቂ የሚለዩበት ሪባን ይልበሱ። ለአብነት ያቀረበው በአሜሪካ ኮሌጆች የሚገኘውን፣ ኑ ሮ ሳይ የተባለውን የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ነው። «እነሱ ጎበዞቻቸውን እንዲህ ሲያከብሩ እኛ ለምን እንተኛለን?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም ሐሳቡን ከነሥሩ ነቅለን ለመጣል አልተነሣንም። ነገር ግን ከሰው አገር አብነት ሲወሰድ ምኑ እንደተወሰደና ምኑ እንደቀረ መታየት አለበት። ወንድማችን የማኅበሩን በር ገልብጦ ቤቱን እዚያው ትቶታል ብለን እናምናለን። ይህን ለማስረዳት ማኅበሩ ምን እንደሆነ ከመነሻው ማየት ግድ ይላል።

የክብር ማኅበር በአሜሪካ የቆየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፋይ ቤታ ካፓ የሚባለው ሲሆን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1776 በቨርጂኒያ፣ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ነው። አገሪቱ ነፃነቷን ካወጀች ገና አምስት ወሯ ነበር። ማኅበሩ ሲጀመር ምሥጢራዊ ነበር፤ አባላቱ የሚተዋወቁበት የእጅ አጨባበጥ ሳይቀር ነበራቸው። ሴት ተማሪዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለው ከ99 ዓመት በኋላ፣ በ1875 በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ያነሣነው የድሮ ሰዎችን ለመውቀስ አይደለም። በር የሚያበጅ ሰው ማን ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን ማን ውጭ እንደሚቀር አስቀድሞ ማሰብ አለበት ለማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የትምህርት ዘርፎች በየተራ የየራሳቸውን አቋቁመዋል። የሥነ ልቦና ተማሪዎች ሳይ ካይ የተባለውን በ1929 አገኙ። የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ ግን፣ እነሱ ኒውሮሳይንስ የሚሉት፣ ራሱን ችሎ የቆመው ዘግይቶ ስለሆነ ተራው የደረሰው በቅርቡ ነው። የዘርፉ ተመራማሪዎች ትልቁን ማኅበራቸውን በአሜሪካ ያቋቋሙት በ1969 ነው። በ1991 ደግሞ ትምህርቱን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚያስተምሩ መምህራን ለብቻቸው ተሰባሰቡ። እነዚሁ መምህራን በ2002 ስለ ማስተማሩ ዘዴ የሚወያዩበት መጽሔት አወጡ፤ በ2006 ደግሞ ኑ ሮ ሳይን መሠረቱ። ስሙ ሦስት የግሪክ ፊደላት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ነርቭ የሚለውን ያስታውሳሉ፤ ሦስተኛው በግሪክኛ ነፍስ ወይም አእምሮ ማለት የሆነው ቃል የሚጀምርበት ነው። (የእኛ ማኅበር የግሪክ ስም ይውጣለት የሚለውን ሐሳብ አንደግፍም። ፊደል ያጠረን ሕዝብ አይደለንም።)

እንግዲህ ልብ ይሏል! ማኅበሩን የመሠረቱት ስለ ማስተማር ሲጨነቁ የቆዩ መምህራን ናቸው። ወንድማችን ይህን አልጻፈውም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ተማሪ በዘርፉ የተወሰኑ ኮርሶችን መጨረስ አለበት፤ በጠቅላላ ውጤቱም ሆነ በዘርፉ ኮርሶች ከፍ ያለ ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ማኅበሩ በየኮሌጁ ቅርንጫፍ አለው፤ ቅርንጫፉ ይመርጠዋል፣ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፣ አባልነቱም የዕድሜ ልክ ነው። በሩ ይህ ነው። ወንድማችን ያደነቀውም፣ እንዲገለበጥ የፈለገውም ይህንኑ ነው።

ቤቱስ? ማኅበሩ ቆሜላቸዋለሁ የሚላቸው ዓላማዎች አንድ ብቻ አይደሉም። ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ተማሪዎች ዕውቅና መስጠት ከዝርዝሩ መካከል አንዱ ነው። ሌሎቹ ምንድን ናቸው ቢባል፦ ተማሪዎች፣ መምህራንና ባለሙያዎች እንዲገናኙ ማድረግ፣ ለሥራ መዘጋጀትን ማገዝ፣ ሳይንሱን ማራመድ፣ ሰፊው ሕዝብ ስለ አንጎል ያለውን ዕውቀት ማሳደግ፣ የአካባቢን ኅብረተሰብ ማገልገል። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለእኛ እንደተጻፉ ያህል ናቸው። ዳና የተባለው ድርጅት ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ በመጋቢት ወር ግድም የሚያስተባብረው «የአንጎል ሳምንት» የሚሉት ዝግጅት አለ። በዚያን ሰሞን የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርደው ልጆችን ስለ አንጎል ያስተምራሉ። የበግ አንጎል በሳህን ላይ አስቀምጠው «ይህ ለማየት ነው፣ ይህ ሚዛን ለመጠበቅ ነው» እያሉ ያሳያሉ። ለልጆች ጥያቄ ይመልሳሉ። የልጆች ጥያቄ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ «ስንተኛ የት ይሄዳል?» ይላል ልጅ። ፈተና ላይ 95 ያመጣ ሰው እዚያ ላይ ላብ በላብ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል አይከፋም። በጉ እኛም ዘንድ አለና! በፋሲካም፣ በአረፋም፣ በዘመን መለወጫም በየደጁ በግ ይታረዳል። በልምምድ በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ማስተማሪያ መሣሪያ የለም ሲባል ሰምተናል፤ አዎ፣ ለብዙ ትምህርቶች የለም። ለዚህኛው ግን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። የበግ አንጎል ክብደቱ ከሰው አንጎል አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ የሰው 1 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ይመዝናል። ትልቁ አንጎል ለሁለት መከፈሉ፣ ከኋላው ትንሹ አንጎል መለጠፉ፣ ከዚያም ግንዱ ወደ አከርካሪ መውረዱ በበጉም በግልጽ ይታያል። እጅን በሳሙና በደንብ መታጠብ ነው እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት መኖራቸውን ከመጽሐፍ ገልብጦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ይህን አንድ ጊዜ ያየ የ7ኛ ክፍል ልጅ የበለጠ ይይዛል።

እንመለስ። የእኛ ቅሬታ ውጤት ይናቅ የሚል አይደለም። ቅሬታችን ሌላ ነው። ይህ ማኅበር የቆመለት ሳይንስ ራሱ ስለ ጎበዝና ሰነፍ የሚነግረን ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ ሰዎችን ባንድ ወቅት ማርክ ለይቶ ለዕድሜ ልክ ከማተም ጋር አይስማማም።

በሎንዶን ከተማ ታክሲ ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ከባድ ፈተና ያልፋል። ከመሐል ከተማው ዙሪያ ያሉትን 25 ሺህ ያህል መንገዶች ካርታ ሳይገልጥ ማወቅ አለበት፤ ዝግጅቱ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሊኖር ማጓየር የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2000 ባወጡት ጥናት 16 የታክሲ ነጂዎችን አንጎል በመሣሪያ ፎቶ አንስተው ከሌሎች ሰዎች ጋር አወዳደሩ። ቦታንና አቅጣጫን ለማስታወስ የሚያገለግለው፣ ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል፣ የኋላ በኩሉ በነጂዎቹ ዘንድ ተልቆ ተገኘ። መቼም ተጠራጣሪ አይጠፋም፤ «ድሮም አንጎላቸው እንዲያ የሆኑት ናቸው ነጂ የሆኑት» የሚል ክርክር ተነሣ። ተገቢ ክርክር ነው። በዚህም ምክንያት ሁለተኛ ጥናት ተደረገ፤ የወጣውም በ2011 ነው። በዚህኛው 79 ጀማሪዎችን ገና ሥልጠና ሲጀምሩ ፎቶ አነሷቸው። ከዓመታት በኋላ 39ኙ ፈተናውን አለፉ። እንደገና ሲታዩ ያ የአንጎል ክፍል ያደገው ባለፉት ብቻ ነበር። ያላለፉትም፣ ሥልጠናውን ጭራሽ ያልጀመሩትም ለውጥ አላሳዩም።

ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚያልፉትና የማያልፉት ሲወዳደሩ ልዩነት አልተገኘም። በዚያን ቀን ማንም ሰው ፎቶውን እያየ «ይህ ቀለም ይዘልቀዋል፣ ይህ አይዘልቀውም» ሊል አይችልም ነበር። ምን ለያቸው ቢባል፣ ያለፉት በሳምንት የተለማመዱት ሰዓት ካላለፉት እጥፍ ያህል ነበር። (እርግጥ ነው፣ አጥኚዎቹም ልምምድ ብቻ ነው ብለው አልደመደሙም፤ አንዳንድ ሰው አንጎሉ ለመለወጥ የበለጠ ዝግጁ ሆኖ ሊወለድ ይችላል ብለዋል። እኛም ከነሱ በላይ አንልም።) ያም ሆነ ይህ እጥፍ ሰዓት መለማመድ የሚችል ማን ነው? ጊዜ ያለው ነው። ሌሊት ሥራ የማያድር፣ መብራት ያለው፣ ከብት የማያግድ። እዚህ ተቋም ውስጥም ቢሆን አንዳችን ከአንዳችን እኩል ሰዓት የለንም፤ ቅዳሜና እሑድ የቀን ሥራ ሠርተው ለቤተሰብ የሚልኩ ልጆች አሉ። ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ስም መጥራት አያስፈልግም።

ሌላም ምስክር እንጥራ። የዚህ የሳይንስ ዘርፍ አባት ተብሎ የሚጠራው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የሚባል እስፓኛዊ ነው። በ1852 የተወለደ ሲሆን የነርቭ ሥርዓት እርስ በርሱ ተዋህዶ አንድ መረብ የሆነ ሳይሆን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ የሕዋሳት ስብስብ መሆኑን ያሳየው እሱ ነው። በ1906 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህ ሰው ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ይመስል ነበር? መሸምደድ የማይሆንለት፣ ቅጣት የማያጣው፣ መምህራኑ ተስፋ የቆረጡበት ነበር። በ11 ዓመቱ ገደማ በገዛ እጁ መድፍ ሠርቶ የጎረቤት በር ስላፈረሰ ታስሯል። አባቱ ሐኪም ቢሆንም «ይህ ልጅ አይማርም» ብሎ ለፀጉር አስተካካይ፣ ቀጥሎም ለጫማ ሰፊ በሥራ ለማጅነት ሰጠው። ልጁ የሚወደው ሥዕል ብቻ ነበር። በመጨረሻ አባትየው አንድ ዘዴ መጣለት። በ1868 በጋ ወደ መቃብር ቦታ ወስዶ የሰው አጥንት እያሳየ ሥነ አካል ያስተምረው ጀመር። ልጁ አጥንቱን ይሥላል፤ እየሣለ ይማራል። ኋላ በማይክሮስኮፕ እያየ የሣላቸው የነርቭ ሕዋሳት ሥዕሎች እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ይታተማሉ።

እስቲ ወንድማችን ይመልስልን፦ ካሃል በ12 ዓመቱ በዚያ ባቀረብከው ሰሌዳ ላይ ስሙ ይለጠፍ ነበር? አይለጠፍም ብቻ ሳይሆን ውራ ነበር የሚወጣው። ልጁን ያዳነው ከማርኩ ባሻገር እጁ ምን እንደሚችል ያየ አንድ አስተማሪ ነው፤ እሱም አባቱ መሆኑ ዕድል ነው። እኛ ለሌሎች ልጆች ያንን አስተማሪ ልንሆን ነው እዚህ የገባነው። ሁሉም ሰነፍ ተማሪ ካሃል ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ተረት የሚያወሩ ሰዎች አሉ፣ እኛ አልወደድንላቸውም። አብዛኛው ሰነፍ ተማሪ ልክ እንደ አብዛኛው ጎበዝ ተማሪ ተራ ሰው ነው። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በ12 ዓመቱ አናውቅም፤ ማርኩም አይነግረንም።

አሁን ስለ ሽልማቱ። ሽልማት ሰውን ያተጋል የሚለው አስተሳሰብ በሁላችንም ውስጥ አለ። በ1973 ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መዋያ ያደረጉት ሙከራ ግን መታወቅ ያለበት ነው። በባለ ቀለም ብዕር መሣል የሚወዱ ሕፃናት ተመረጡ። ለአንደኛው ቡድን «ከሣላችሁ የወርቅ ኮከብና ቀይ ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ቡድን ምንም ሳይነገረው ከሣለ በኋላ ያንኑ ሽልማት ድንገት አገኘ። ሦስተኛው አልተሸለመም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ብዕሩ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲቀመጥላቸው፣ ሽልማት ተብሎ ቃል የተገባላቸው ሕፃናት በመሣል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። እንግዲህ የጎዳው ወረቀቱ አይደለም። የጎዳው «ለወረቀቱ ብለህ ሣል» መባሉ ነው። ወንድማችን ያቀረበው ሪባንም ቀይ ነው፤ መቼም አጋጣሚ ነው።

ይህን በአካባቢያችን የማያውቅ የለም። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዘመድ አዝማድ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል። «ምን ተማርክ?» የሚል ስንት ነው? በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የክፍል ኃላፊው ሮስተር ሞልቶ፣ ደምሮ፣ አካፍሎ ከአንደኛ እስከ ስድሳኛ ይደረድራል። 1ኛና 2ኛ በ0.3 ነጥብ ይለያያሉ፤ አንዱ ይጨበጨብለታል፣ አንዱ አልቅሶ ይገባል። ያ 0.3 የማን ዕውቀት ነው? አንዳንዴ የአስተማሪው የድካም ስሕተት ነው። በልምምድ ወቅት ከመካከላችን ብዙዎች ያዩትም አለ፦ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አንጠራም፣ የፊተኛው መደዳ «የጎበዞች» ተብሎ ተለይቶ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እጅ ማውጣት ትተዋል። ለምን አታወጡም ሲባሉ አንዷ ልጅ «እኛ እኮ የኋላ ነን» አለች። የዚያች ልጅ መልስ ከየትኛውም ጥናት ይበልጥብናል።

ይህን ስንል ግን በተቃራኒው ወገን ያለውን እውነት አንሸሽገውም። ወንድማችን ጽሑፉን ያወጣው በቅንነት ነው፤ ሲከራከርም ሰምተነዋል። ከገጠር የመጣች እኅታችን በስብሰባው ላይ የተናገረችውን እናስታውስ፦ የ6ኛ ክፍል ሽልማቷን፣ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር፣ ለአባቷ ባታሳይ ኖሮ ለሰርግ እንጂ ለ7ኛ ክፍል እንደማትደርስ ተናግራለች። ያ ሽልማት ጌጥ አልነበረም፤ ጋሻ ነበር። ዘመድ የሌለው ሰው በዚህች ዓለም የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። እነ ኑ ሮ ሳይም ለአባሎቻቸው የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው፤ ለጉባኤ መጓጓዣ የሚሆን ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ሥራና ከፍተኛ ትምህርት ሲፈለግ አባልነቱ ይጠቀሳል። ወላጁ ፕሮፌሰር ያልሆነ ተማሪ በዚህ ይጠቀማል። ስለዚህ ዕውቅና ይጥፋ የሚል ሰው ከእኛ ጋር አይቆጠር። ለፍቶ ያመጣን ሰው «ጎበዝ» ማለት ማንንም አይጎዳም።

ታዲያ ምን ይሁን? የእኛ ሐሳብ ማኅበሩ ይቋቋም፣ ግን ከቤቱ ይጀመር የሚል ነው። ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ፊደል የለየው ልጅ ታናሹን ያስቆጥራል። «አቡጊዳ»ን የጨረሰ ልጅ ሪባን አይታሠርለትም፤ አንድ ሁለት ሕፃናት ይሰጡታል እንጂ። ክብሩ ያው ነው። ደግሞም ሲያስቆጥር የራሱ ፊደል ይጠነክራል። የዚህ ተቋም ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ሠልጣኞችም እንዲሁ ይደረጉ። በሒሳብ 90 ያመጣ ሠልጣኝ በሒሳብ የተቸገሩ ሁለት ጓደኞቹን ይያዝ፤ አንድ ሴሚስተር አብሯቸው ይሥራ። የአባልነቱ ጉዳይ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። የሚጠየቁትም መምህራን ብቻ መሆን የለባቸውም፤ እነዚያ ሁለቱ ጓደኞቹም «ረድቶናል፣ አልረዳንም» ብለው ይናገሩ። ማርኩ መካከለኛ ሆኖ በማስተማር ልምምድ ልጆችን የያዘ፣ በሥዕል ወይም በእጅ ሥራ መርጃ መሣሪያ ያዘጋጀ ሠልጣኝም በዚሁ በር ይግባ። አባልነቱ የዕድሜ ልክ አይሁን፤ በየሴሚስተሩ ይታይ። ክፍያ አይኑረው። ሪባኑ ይቅር። ወረቀቱ ግን ይሰጥ፤ ስላደረገውም ሥራ በዝርዝር ይጻፍበት። «ከፍተኛ ውጤት» ብሎ ከሚጽፍ ይልቅ «ሦስት ሠልጣኞችን በሒሳብ ረድቶ አሳልፏል» የሚል ወረቀት አንድ ርእሰ መምህር ሲያነብ ስለ ሰውየው የበለጠ ያውቃል።

«ጎበዞቹ ጊዜያቸውን ይባክንባቸዋል፣ ውጤታቸው ይወርዳል» የሚል ተቃውሞ ከአንዳንድ የመኝታ ክፍሎች ሰምተናል። ሌላ ተቋም ቢሆን ሊያሳስበን ይችል ነበር። ይህ ግን የመምህራን ማሠልጠኛ ነው! ለጓደኛው ማስረዳት ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ነገ ከ60 ሕፃናት ፊት ሲቆም ምን ሊል ነው? ደግሞስ ሌሊቱን ሸምድዶ፣ ጠዋት ወረቀቱ ላይ አፍስሶ፣ ከሰዓት በኋላ የረሳውን ሰው ነው የምናከብረው? እንዲያ ያለው ውጤት እንኳን ከሰው ሊካፈል ለባለቤቱም ሳምንት አይከርምለት። ኩረጃንም እናንሣ ከተባለ፣ ክብር በማርክ ብቻ በታሠረበት ቦታ ሁሉ ኩረጃ መከተሉን መምህሮቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። ጓደኛህን ስለማስተማርህ ግን ከማን ትኮርጃለህ?

የተከበሩ መምህሮቻችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ቢያግዙን እንወዳለን። አንደኛው፣ የማኅበሩ መመዘኛ ሲወጣ የሳይንስና የሥነ ትምህርት ክፍሎች አብረው እንዲቀመጡበት ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ የማሳያ ሳህን፣ ጓንትና ለአንድ ቀን የሳይንስ ክፍሉ ቁልፍ። በመጪው የፋሲካ በዓል ማግስት በአቅራቢያችን ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የበግ አንጎል ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ለማሳየት ስድስት ሠልጣኞች ተመዝግበናል። አራቱ ከፍተኛ ማርክ ያላቸው ናቸው፤ ሁለቱ አይደሉም። ከሁለቱ አንዱ ሥዕል የሚችል ስለሆነ ትልቁን የአንጎል ሥዕል በካርቶን ላይ ጀምሮታል፤ ማየት የሚፈልግ በወንዶች መኝታ 4ኛ ክፍል ግድግዳው ላይ ያገኘዋል።

ከኛ ጋር መውጣት የሚፈልግ ሠልጣኝ፣ ማርኩ ስንትም ይሁን፣ እስከ ዓርብ ድረስ ስሙን ለዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ኮሚቴ ይስጥ። የባለፈውን ጽሑፍ ያወጣው ወንድማችንም ቢመጣ ደስ ይለናል። መልስ መጻፍ ከፈለገም የሚቀጥለው እትም ግራ ጎኑ ባዶ ነው፤ ለእሱ ተይዟል።